ለአማርኛ ዘፈን የትኛው አገልግሎት ገንዘቡ ይገባዋል? አንድ ጥያቄና የተከተሉት 21 መልሶች

መነሻ ጥያቄ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለሦስት የሙዚቃ አገልግሎቶች እንከፍል ነበር፤ እኔ ለአፕል ሚዩዚክ 10.99፣ ታላቁ ልጄ ለስፖቲፋይ 11.99፣ ባለቤቴ ደግሞ ለዩቲዩብ ሚዩዚክ 10.99 ዶላር በየወሩ እናወጣ ነበር። ድምሩ 33.97 ዶላር ነበር፤ በዓመት ከ400 ዶላር ያልፋል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቃል የገባውን ሎስለስ፣ ማለትም ከዋናው ቅጂ ምንም ሳይጎድል የሚላከውን ድምፅ፣ በሴፕቴምበር 2025 መልቀቁን ስሰማ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዘን ሌሎቹን ማቋረጥ እንዳለብን ወሰንሁ።

የትኛው ይቆይ የሚለውን ለመለየት በክራር የታጀበ አንድ ትዝታ መርጬ፣ በብሉቱዝ ማዳመጫዬ በስፖቲፋይና በአፕል እያፈራረቅሁ ሰማሁት። የስፖቲፋዩ የደመቀ፣ የአፕሉ የደበዘዘ ሆኖ ተሰማኝ። ስለዚህ ስፖቲፋይ ይበልጣል ብዬ ጻፍሁና፣ ያልተስማማ ካለ እንዲያርመኝ ጠየቅሁ። ከምንሰማው የሚበዛው የአማርኛ ዘፈን መሆኑንም በመጨረሻ ጠቅሻለሁ፤ ክርክሩ ከመንገዱ በወጣ ጊዜ ወደ ቁም ነገሩ የመለሰው ይኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

መልሶቹ በተራቸው

1ኛውን መልስ የሰጡት ቶሮንቶ የሚኖሩ እኅት ናቸው። ሰላምታ አቅርበው፣ ከፍርዱ በፊት ቁጥሮቹን ማስቀመጥ እንደሚሻል በትሕትና አሳሰቡ። የስፖቲፋይ የቆየው ከፍተኛ ጥራት በሰከንድ 320 ኪሎቢት (በየሰከንዱ የሚላከው የድምፅ መረጃ መጠን)፣ የዩቲዩብ ሚዩዚክ 256 ኪሎቢት፣ የአፕል መደበኛውም 256 ኪሎቢት ነው፤ ሲዲ ግን 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። አፕል ሎስለስን ከጁን 2021 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢሰጥም፣ ተጠቃሚው በስልኩ ማስተካከያ ገብቶ ካልከፈተው እንደማይሠራ አስታወሱኝ። ሄጄ ሳየው አልተከፈተም ነበር። ለአራት ዓመታት የከፈልሁበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም ማለት ነው።

2ኛው መልስ አጭር ቢሆንም ድምዳሜዬን ከሥሩ ነቀለው። ጸሐፊው በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለ ወጣት ነው። አገልግሎቶቹ የዘፈኖችን ከፍታ ለማመጣጠን የየራሳቸው ልክ እንዳላቸው፣ የስፖቲፋይ 14 ሲሆን የአፕል 16 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ ከዜሮ በታች በመሆኑ፣ ያው ዘፈን በስፖቲፋይ ሁለት ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሰማ አስረዳ። የሰው ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ ከፍ ያለ ብሎ ሳይሆን የተሻለ ብሎ ነው የሚቀበለው። እኔም ድምቀት ብዬ የጻፍሁት ከፍታውን ኖሯል። በሁለቱም ላይ ማመጣጠኛውን አጥፍቼ፣ ድምፁን አስተካክዬ እንደገና እንድሰማ መከረኝ።

3ኛው መልስ የብሉቱዝ ጉዳይ ነበር። ድምፁ ከአገልግሎቱ ምንም ያህል ሙሉ ሆኖ ቢመጣ፣ ስልኩ ወደ ገመድ አልባው ማዳመጫ ሲልከው እንደገና እንደሚጨምቀው፣ በአይፎን ላይ ይህ ወደ 256 ኪሎቢት ገደማ እንደሚወርድ፣ ኤልዳክ የተባለው ዘዴ እንኳ ከ990 እንደማያልፍ ጸሐፊዋ አስረዱ። ሎስለስን ለመስማት የፈለገ ሰው ዘጠኝ ዶላር የሚሸጠውን የዩኤስቢ-ሲ መቀጠያ ገዝቶ ባለገመድ ማዳመጫ ቢሰካ እንደሚበቃውም ጨመሩ። ከሁሉም መልሶች በትንሹ ገንዘብ ትልቁን ጥቅም ያስገኘልኝ ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመከባበር ሄደ። 4ኛውን መልስ የጻፉት ዳላስ የሚኖሩ፣ በቤታቸው ትልልቅ የድምፅ መሣሪያዎች ያቆሙ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው። እሳቸው እንደሚሉት ስለ ጥራት ለመናገር ስፖቲፋይንና አፕልን ማወዳደር ከጅምሩ ስሕተት ነው። በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ የተቋቋመውና በ2019 ወደ አሜሪካ የገባው ቆቡዝ የተባለ የሙዚቃ አገልግሎት በወር 12.99 ዶላር እስከ 24 ቢት (የእያንዳንዱ የድምፅ ልኬት ዝርዝርነት) እና 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192 ሺህ ልኬት) ይሰጣል፤ ሌላው አገልግሎት ታይዳልም ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ሁሉንም በአንድ 10.99 ዶላር ጠቅልሎታል። በትንንሽ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ስለ ድምፅ ጥራት አስተያየት ባይሰጥ እንደሚሻልም ጨመሩበት። ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ ሰው አስቀየመ።

5ኛው መልስ ከስቶክሆልም፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መጣ። ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጀምሮ፣ አንድን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ ከከፍተኛው የድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ ያህል ጊዜ መለካት በቂ መሆኑን አስረዳ። የሲዲው 44.1 ኪሎኸርዝ እስከ 22 ሺህ ኸርዝ ድረስ ይይዛል፤ የወጣት ሰው ጆሮ የሚደርሰው እስከ 20 ሺህ ሲሆን ከዕድሜ ጋር እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ 192 የሚለው ቁጥር ለሰሚው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ 24 ቢትም ጥቅሙ በዋናነት ለስቱዲዮ ሠራተኛ ነው።

በ6ኛው መልስ የዳላሱ አዛውንት ተቆጥተው ተመለሱ። የሠላሳ ዓመት አድማጭ ጆሮ በቀመር እንደማይሻር፣ ልዩነቱን በየምሽቱ በቤታቸው እንደሚሰሙት፣ ያልሰማ ሰው የሰማውን ሊያስተምር እንደማይገባው ጻፉ። 7ኛው መልስ ላይ መሐንዲሱም አከረረ። ታይዳል ለዓመታት የላቀ ጥራት ብሎ ያቀረበው ኤምኪውኤ የተባለ ዘዴ ምን እንደደረሰ ጠየቀ፤ የዘዴው ባለቤት ኩባንያ በ2023 ክፍያውን መወጣት አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ እንደገባ፣ ታይዳልም በጁላይ 2024 ዘዴውን ትቶ ፍላክ በተባለው፣ ድምፁን ምንም ሳያጎድል በሚጠቀልለው የተለመደ የፋይል ዓይነት እንደተካው አስታወሰ። ከዚያም ፈተና አቀረበ። ሌላ ሰው እየቀያየረ ያጫውት፤ ሰሚው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ አሥር ጊዜ ይገምት። በግምት ብቻ አምስቱን ማግኘት የተለመደ ነው፤ ዘጠኝና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የሚገኘው ግን ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ዘጠኝ ካገኙ ይቅርታ እንደሚጠይቅ በይፋ ቃል ገባ። 8ኛው መልስ ሁለቱንም ለማብረድ የተጻፈ ነበር፤ ለጊዜው ማንም አልሰማውም።

9ኛው መልስ ከአዲስ አበባ መጣ፤ እኔም በዚህ መልስ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። ጸሐፊው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እኛ ውጭ ያለነው በዋይፋይ ተቀምጠን ስለ ቢት ስንከራከር፣ እሱ የሚያሰላው ሜጋባይት መሆኑን ያለ ምሬት አስረዳ። በ320 ኪሎቢት አንድ ሰዓት መስማት 144 ሜጋባይት ይፈጃል። የሲዲ ጥራት ሳይጠቀለል 635 ሜጋባይት ነው፤ በፍላክ ሲጠቀለል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጋሼ የሚያሞግሱት 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ደግሞ ሳይጠቀለል በሰዓት ከአራት ጊጋባይት በላይ ነው። በ96 ኪሎቢት የሚሰማ ሰው ግን በ43 ሜጋባይት ይጨርሳል። ብሩ በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይታሰብ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ፤ ስለዚህ 10.99 ዶላር ከ630 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ1,100 ብር በላይ ደረሰ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው አብዛኛው ጓደኛው ዘፈን ከቴሌግራም አውርዶ የሚሰማው።

10ኛው መልስ ይህን የመጨረሻ ቃል ይዞ ተማሪውን ወቀሰ፤ ከቴሌግራም የሚያወርድ ሰው የዘፋኙን እንጀራ እንደሚነጥቅ በጠንካራ ቃል ተጻፈ። 11ኛው የተማሪው ምላሽ ነበር፤ ወቀሳውን ሳይክድ ተቀብሎ፣ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያቋቋሙት አውታር የተባለ መተግበሪያ በ2019 ሥራ ሲጀምር ዘፈን በነጠላ፣ በሞባይል ሒሳብ ይገዛ እንደነበር፣ ክፍያ በብር ሲቀርብ እሱን የመሰለ ወጣት እንደሚከፍል አስረዳ። ወቃሹ አልመለሰም። በእኔ አመለካከት ተማሪው ትክክል ነበር፤ አንድ አገልግሎት ዋጋው የሚታወቀው በሚከፍለው ሰው ገቢና ገንዘብ እንጂ በዶላር ተመን ብቻ አይደለም።

12ኛው መልስ የውይይቱን አቅጣጫ ለወጠው። ጸሐፊው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የሚኖሩ፣ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል የሚገለብጡ የድምፅ ባለሙያ ናቸው። በጥያቄዬ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው፣ ሁላችንም የረሳነውን ነገር አነሡ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንስቶ የአማርኛ ዘፈን በዋናነት የኖረው በካሴት ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር የሚጓዝ ቀጭን ቴፕ ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፁ መካከል ያለው ርቀት ከ60 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም፤ የሲዲ 16 ቢት ግን እስከ 96 ዴሲቤል ይይዛል። ስለዚህ የካሴት ዘፈን በ24 ቢት ቢላክ የሚጨመረው ቦታ የሚሞላው በቴፑ እሽታ (እሽ በሚለው የጀርባ ድምፅ) ነው። ይህም ካሴቱ የመጀመሪያው ከሆነ ነው። ብዙ ጊዜ በእጃቸው የሚደርሳቸው የቅጂ ቅጂ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የጸናጽሉ ጥራት ይሞታል፣ የቤዙ ወሰን ይደበዝዛል፣ እሽታውም ይጨምራል። በ1969 በተመሠረተው በአምኃ ሪከርድስ የታተሙትንና የዚያን ዘመን ሌሎች ሸክላዎች ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም የሰማ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የተሠራን የ1980ዎቹ ካሴት ግልባጭ ሲሰማ ዘመን ወደ ኋላ የሄደ ሊመስለው ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ከምን እንደተገለበጠና ማን በምን ጥንቃቄ እንደገለበጠው ነው።

13ኛው መልስ ከእስራኤል፣ ከናታንያ መጣ፤ የጻፉት ክራር የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከስልክ እየሰሙ ክራራቸውን ሲቃኙ ከተቀዳው ዘፈን ጋር አልገጥም እያለ እንደሚያስቸግራቸው፣ ምክንያቱም ካሴቱን ያጫወተው መሣሪያ ፍጥነቱን ስላልጠበቀ እንደሆነ ነገሩን። ቴፑ ስድስት በመቶ ያህል ቢፈጥን ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ሽቅብ ይወጣል። ትዝታውም ባቲውም ቅኝቱን አይለቅም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥምና። ነገር ግን ዘፋኙ ያልዘፈነበት ከፍታ ላይ ይቀመጣል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ የትንፋሹ እርጋታ ይጠፋል። ፍጥነቱ ሦስት በመቶ ብቻ ሲዛባ ደግሞ ይብሳል፤ ዘፈኑ በሁለት ድምፆች መካከል ይወድቅና ከየትኛውም መሣሪያ ጋር አብሮ አይሄድም። መምህሩ ቆቡዝም ሆነ ስፖቲፋይ ይህን ሊያርመው እንደማይችል ሲጽፉ፣ ለብዙ ዓመታት በቃሌ የማውቀው አንድ ዘፈን ሁልጊዜ ለምን የቸኮለ እንደሚመስለኝ ገባኝ።

14ኛው መልስ ላይ አንዲት እናት በእስክሪብቶ ካሴት ይጠቀልሉ የነበሩበትን ዘመን፣ ታክሲ ውስጥ ይሰሙት የነበረውን ሙዚቃና ቴፑ ሲበላ ይሰማ የነበረውን ድምፅ በናፍቆት አወሱ። 15ኛው፣ ጥያቄው ስለ ክፍያ መሆኑን አስታውሶ ትዝታችሁን ሌላ ቦታ አውሩ የሚል መንፈስ ያለው ቁጡ መልስ ነበር። እኔ ጠያቂው እንደመሆኔ፣ ካሴቱ ከርእሱ እንዳልወጣ፣ ይልቁንም ርእሱ ራሱ እንደሆነ ጻፍሁ፤ ይህም 16ኛው መልስ ሆኖ ተቆጠረ።

17ኛውን መልስ የሰጠው የ2ኛው መልስ ወጣት ነው። ባለሙያው በ12ኛው የጻፉትን አንብቦ፣ በአንድ አገልግሎት ላይ ሎስለስ ተብለው የቀረቡ ጥቂት የቆዩ የአማርኛ አልበሞችን ድምፅ በድግግሞሽ መመልከቻ ፕሮግራም መርምሮ ነበር። በሁለቱ ላይ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ምንም ድምፅ የለም፤ ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ያበቃል። ይህ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 የተለመደ ምልክቱ ነው። አንድ ሰው ኤምፒ3 ይዞ ወደ ፍላክ ለውጦ ጭኖታል፤ ዕቃው ሰፋ እንጂ ውስጡ ያለው አልጨመረም። አከፋፋዩ ያንኑ ፋይል ለሁሉም አገልግሎቶች ስለሚያድል፣ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሄድም አይጠቅምም። ያው አልበም ግን በአንዳንድ ቦታ በሁለትና በሦስት ጫኞች ተደጋግሞ ስለሚገኝ፣ የተሻለውን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ከውይይቱ ሁሉ ለእኔ ዋናው ግኝት ይህ ነው፤ ሎስለስ የሚለው ምልክት የሚመሰክረው ከአገልግሎቱ ወደ እኛ ስላለው መንገድ ብቻ ነው፤ ዘፈኑ አገልግሎቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የጠፋበትን አይናገርም።

18ኛው መልስ ወደ ዘፋኞቹ ድርሻ ወሰደን፤ በጥቂቱ ላስፍረው። አፕል በ2021 ለሙዚቀኞች በጻፈው ደብዳቤ በአማካይ ለአንድ ማድመጥ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ እንደሚከፍል ገልጿል፤ ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ክፍያ አያስብም። ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። የዋሽንግተኑ ባለ አኮርዲዮን ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ እዚያ ይሸጣል፤ ከዋናው ላይ በጥንቃቄ የተሠራ እትም ሲገኝ ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ለዘፋኙም ለጆሮም ይበጃል የሚል ነበር ሐሳቡ። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

19ኛው መልስ የዳላሱ ጋሼ ነበር። ለአሥር ቀናት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ልጃቸው እየቀያየረች እያጫወተችላቸው ፈተናውን እንደወሰዱ ጻፉ። በ320 ኪሎቢትና በሎስለስ መካከል ከአሥር ስድስት አገኙ። ቁጥሩን ሳይሸሽጉ አስቀመጡት። ቀጥለው ግን የ17ኛውን መልስ ተከትለው የአንድን ዘፈን ሁለት የተለያዩ ጭነቶች፣ ሁለቱንም በተራው 320 ኪሎቢት፣ ሰሙ፤ ያን ጊዜ አሥሩንም ያለ ስሕተት ለዩ። ጆሯቸው ለዓመታት ሲሰማ የኖረው የአታሚውን ሥራ እንጂ የኪሎቢቱን ብዛት እንዳልነበረ በጨዋነት አመኑ፤ መሐንዲሱንም በስሙ ጠርተው አመሰገኑ። እሱም በ20ኛው መልስ፣ በ7ኛው ላይ የተጠቀመበት ቃል ከልኩ ያለፈ መሆኑን ጽፎ ይቅርታ ጠየቃቸው። ዘጠኝ ሳያገኙ ይቅርታ መጠየቁ ደስ አሰኝቶኛል።

21ኛው የእኔ መልስ ነው። ማመጣጠኛውን አጥፍቼ፣ ባለገመድ ማዳመጫ ሰክቼ ያንኑ ትዝታ እንደገና ሰማሁት፤ በስፖቲፋይና በአፕል መካከል የምመሰክርበት ልዩነት አላገኘሁም። ስለዚህ ውሳኔው በዋጋ ሆነ። ለስድስት ሰው የሚሆነው የአፕል የቤተሰብ ክፍያ በዚያን ጊዜ 16.99 ዶላር፣ የስፖቲፋይ 19.99 ነበር፤ የመጀመሪያውን ይዘን ሌሎቹን አቋረጥን። ባለቤቴ፣ ግለሰቦች ከቤታቸው ካሴት እየገለበጡ የሚጭኗቸው፣ ሌላ የትም የማይገኙ ዘፈኖች ያሉት ዩቲዩብ ላይ መሆኑን በመጥቀስ ተከራክራ ነበር፤ እውነቷን ነው፤ እነዚያን ለጊዜው ከነማስታወቂያቸው በነፃ ትሰማለች። ልጄም የዘፈን ዝርዝሮቹን ወደ አዲሱ ለማዛወር አንድ ምሽት አጥፍቷል። በየወሩ 17 ዶላር ያህል ተረፈን፤ በእሱም ከዋናው የተገለበጡ አልበሞችን በፍላክ መግዛት ጀምረናል። የመጀመሪያው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ ብቻውን የሚሰማ ፒያኖ ጉድለትን አይሸፍንምና፣ በ96 ኪሎቢት ስንሰማው የድምፁ ጅራት እንዴት እንደሚሻክር ልጆቼ ራሳቸው ለዩት።

የአሌክሳንድሪያው ባለሙያ ከዚያ በኋላ በግል ጻፉልኝ። የቸኮለ ይመስለኛል ያልሁት ዘፈን የትኛው እንደሆነ ጠይቀው፣ እሳቸውም ዘንድ ያለው ያው የተፋጠነው ቅጂ መሆኑን ነገሩኝ፤ የመጀመሪያው እትም ካሴት እስካሁን አልተገኘላቸውም። ምድር ቤት ካለው ሳጥን ውስጥ አባቴ በገዙበት ሽፋን፣ የአሳታሚው ማኅተም እንዳለበት አገኘሁት። ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ይዤው እሄዳለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም በቴፕ እንዳያጫውተው ለቤተሰቡ አስጠንቅቄያለሁ።